ላላ በሉ እንጂ ላሊበላ አላልኩም

(የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን በጥር 2011 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ በሁለተኛው ቀን አሸተን ማርያም ደጅ የተደረገ ንግግር)

ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ቀስ ብዬ እጀምራለሁ። እዚህ ማይክሮፎን የለም፣ ፕሮጀክተር የለም። ኮሚቴው ንግግሬን ተራራ ጫፍ ላይ ያደረገው ማንም ጥሎ እንዳይሄድ አስቦ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በቅሎዎቹ ሣር ላይ ናቸው።

በእጃችሁ ባለው ፕሮግራም ከስሜ ትይዩ «ስለ ላሊበላ አጭር ገለጻ» ተብሎ ተጽፏል። ጥፋቱ የኔ አይደለም። ሰብሳቢያችን ስልክ ደውሎ «ስለ ምን ትናገሪልናለሽ?» ሲለኝ «ስለ ላላ በሉ» አልኩት። እሱ ደግሞ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ጉባኤ እያዘጋጀ ስለነበር ጆሮው የለመደውን ሰማ። ስለ ንጉሡና ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ይቺንም ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ንጉሥ ላሊበላ አስጀምረዋት ነአኩቶ ለአብ እንዳስፈጸሟት፣ እዚያ ጋ ቆመው የሚስቁት አስጎብኚያችን ነግረውናል። እሳቸው ባሉበት እኔ ብደግመው ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ላላ በሉ የሙዚቃ አልበም ነው። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወጣ። ሠሪው ኃይሉ መርጊያ ይባላል፤ ሲወጣለት ዕድሜው ሰባ አልፎ ነበር።

በፊት ግን ለኮሚቴው የገባሁትን ቃል ልክፈል፤ ስለ ከፍታ ሁለት ደቂቃ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አሁን የተቀመጥንበት 3,150 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ወርዷል። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ደጋው አብሮ አደጋችሁ ስለሆነ ብዙ አይከብዳችሁም። ትናንት ወዲያ ከዋሽንግተን ተነሥታችሁ ዛሬ እዚህ የደረሳችሁ ግን ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ቢጀምራችሁ አትሸሽጉ፣ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። በቅሎ እምቢ ብለው በእግራቸው የወጡት የአናቶሚ መምህራችን ደህና ናቸው፤ ቅድም የልብ ምታቸውን ቆጥሬያለሁ፣ ከኔ ይሻላል። ጨረስኩ።

አሁን ወደ ኃይሉ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ነው። በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከናንተ ውስጥ ፀጉራችሁ የሸበተው ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፦ ዋልያስ ባንድ፣ ሂልተን ሆቴል፣ ኦርጋን ላይ የተቀመጠው ሰው። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መውጣት ስለማይቻል ጨዋታው የተጀመረበት ቤት ውስጥ ሰውም ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይቆይ ነበር። እናንተ «ተረኛ ነበርኩ፣ ሠላሳ ስድስት ሰዓት አልተኛሁም» ብላችሁ ስታማርሩ እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ ያደርጉት እንደነበር አስቡ። እሱም በፈገግታ፣ ሱፍ ለብሰው።

እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸበለው» የሚባለውን ሸክላ ሠሩ። ሙላቱ አስታጥቄ አብሯቸው ተጫውቷል። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ያንን ዜማ ዛሬ የስንቱ አገር ባንድ ይጫወተዋል። ድምፃዊ የሌለበት ሸክላ ነበር። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ በዚያ ጊዜ ማን ይገዛዋል ተብሎ የተሠራ እንደሆነ ሳስብ ይገርመኛል። እኛ አገር ሙዚቃ ማለት ግጥም ነው። ሰሙንና ወርቁን ሰምተን እህ ብለን ነው የምናደንቀው። ኃይሉን የሚስበው ግን ግጥሙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። የታወቀውን የድሮ ዜማ ይወስዳል፣ ቃሉን ያወጣዋል፣ ከዚያ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ያስረዝመዋል፣ ያጣምመዋል፣ ይመልሰዋል። ሰሚው ቃሉን በልቡ ያውቀዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግጥም ውስጡ ይዘፍናል። ይሄ የኔ አገላለጽ ነው፣ የሙዚቃ ባለሙያ ካለ ያርመኝ።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ማሕሙድ አሕመድን ከመሰሉ ድምፃውያን ጋር አሜሪካ ሄደ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ ነበር። ሰሚዎቹ በአብዛኛው ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያልቅ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ኃይሉ ቀረ። ዋሽንግተን ላይ በሀወርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ፤ ከቀሩት ጋር ሆኖ ዙላ ባንድ የሚባል ቡድን ውስጥ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አንድ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ቀረጸ፦ ሸሞንሟናዬ። ባንድ የለም። አኮርዲዮን አለ፣ ሮድስ ፒያኖ አለ፣ ሙግ አለ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት አለ፣ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። ሁሉንም አንድ ሰው ነው የተጫወተው።

ነገሩ አኮርዲዮኑ ላይ ነው። አኮርዲዮን በልጅነቱ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ኦርጋንና ኪቦርድ ሲመጡ ተረሳ፣ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ኃይሉ ከአገሩ ርቆ፣ በጊዜው ከነበረው ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ አዲሱን ፊቱ ደርድሮ ሲቀመጥ፣ የመጣለት የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የተማረው መሣሪያ ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ። ዝናብ የሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየተፈላ፣ እናቴ ቴፕ ላይ የምታደርገው ካሴት ይሄ ነበር። እኔ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «የቡና ሙዚቃ» ነበር የምለው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ መጫወት አቆመ። ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ደለስ አየር ማረፊያ።

እዚህ ላይ ጋዜጦቹ የሚጽፉት ታሪክ አለ፤ ልንገራችሁና ቀጥሎ የማልስማማበትን እናገራለሁ። ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ከአፍሪካ የሚሰበስባቸውን ካሴቶች እንደገና የሚያሳትም ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሕር ዳር ውስጥ ያንን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰውዬውን ፈለገ፣ በስልክ አገኘው፣ ካሴቱ በዚያው ዓመት በሸክላና በሲዲ ወጣ። ከዚያ ኒውዮርክ፣ አውሮፓ፣ ሌላም ሌላም። «የተረሳው ሙዚቀኛ ታክሲ ውስጥ ተገኘ» የሚል ርዕስ ወጣ።

ተገኘ? ማን ነው የጣለው? እናቴ ቴፕ ውስጥ ነበር እኮ። ባሕር ዳር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊሸጥ ተቀምጦ ነበር። የማያውቁት ሰዎች ሲያውቁት «ተገኘ» ማለት፣ በሽተኛው ሆስፒታል የደረሰ ቀን በሽታው ጀመረ እንደማለት ነው። ካርዳችን ላይ ደግሞ እንዲህ እየጻፍን አይደል የኖርነው? ሺምኮቪትዝን መውቀሴ አይደለም፤ ሥራውን በሥነ ሥርዓት ነው የሠራው፤ ሰውዬውን ፈልጎ፣ ተስማምቶ ነው ያሳተመው። የማይዋጥልኝ ርዕሱ ነው።

ሁለተኛው የማልስማማበት ታክሲውን እንደ ውርደት ማየታቸው ነው። ኃይሉ በቃለ መጠይቆቹ ላይ ስለ ታክሲው ሲናገር አያፍርም፣ አያማርርም። በግንዱ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ ይዞራል። አየር ማረፊያው ላይ ታክሲዎች ወረፋ ይይዛሉ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሌላው ሾፌር ካርታ ሲጫወት፣ ሲያወራ፣ ሲተኛ፣ እሱ ኪቦርዱን ከግንድ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መልሶ ግንድ ውስጥ ይከተዋል፣ ተሳፋሪውን ይጭናል። ይህንን ለዓመታት፣ ማንም ኮንሰርት ሳይጠራው አደረገው።

እንደ ሐኪም ስመለከተው ዝግጅት ማለት ይሄ ነው። የጉዞ ዝግጅት ሲባል ትኬትና ቪዛ፣ የመድረክ ልብስ፣ የድምፅ ባለሙያ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስልኩ ሲደወል የ67 ዓመት ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ያህል መድረክ ላይ ያልወጣ ሰው በዚያ ዕድሜ ጣቱ ያለ ልምምድ አይታዘዝም። ጅማቱ ይደርቃል፣ ትንንሾቹ የእጅ ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ። ሐኪሞች ሆይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታችሁ ቋጠሮ ለመቋጠር የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። ደግሞም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተከፋፍሎ የሚደረግ ልምምድ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተጨናንቆ ከሚደረገው ይበልጥ እንደሚቆይ የመማር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የታክሲ ወረፋ ለዚህ የተመቸ ነው። ሃያ ደቂቃ፣ ተሳፋሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ተሳፋሪ።

ለጉዞው ትልቅ ባንድ አላዘጋጀም። ሦስት ሰው፦ እሱ፣ ባስና ድራም። ትንሽ ሆኖ መጓዝ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ግን ችግርም አለው፣ መደበቂያ የለም። አውሮፓ ውስጥ አብረውት የተጫወቱት ቶኒ በክና ማይክ ማይኮቭስኪ አውስትራሊያውያን ናቸው። ላላ በሉን የቀረጸውም ከነሱ ጋር ነው። አሁን ዋሽንግተን ያለው ሦስትዮሽ ደግሞ ዓለምሰገድ ከበደ በባስ፣ ኬኔዝ ጆሴፍ በድራም ነው። ስለዚህ ከዝግጅቱ ትልቁ ክፍል ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ያለ ናፍቆቱ ለሚሰማቸው ሰዎች ማስረዳት ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ችክችካን ደግሞ ለውጭ ድራመር ቁጥሩን መንገር ቀላል ነው፣ ስድስት ስምንተኛ ትለዋለህ። ትከሻው የሚወድቅበትን ቦታ ግን በቁጥር አትነግረውም። ኃይሉ መልሱ ብዙ ሳያወራ መጫወት ይመስላል። አልበሙ ላይ ስድስት ሥራዎች አሉ። «ትዝታ» ብቻውን አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ተጀምሮ እንደማንኛውም ትዝታ ይሄዳል፣ ከዚያ መሐል ላይ ድራሙና ባሱ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፣ እሱም ተከትሏቸው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» አለ፣ ፒያኖ ብቻ። ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን። አሁን «እሳቸው» አልኩ መሰለኝ፤ አርቲስት ሲሆን አንተ እንላለን፣ ፒያኖው ሲመጣ አንቱ አልኩ። ይቅር።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አላጫውተውም፤ ደግ አይደለም። ስንወርድ አውቶቡስ ውስጥ በፍላሽ አለ።

ሰብሳቢያችን ግን ላላ በሉን ላሊበላ ብሎ መስማቱ ከቤቴ ስነሣ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስታውሰኝ ሰነበተ። ፕሮግራሙን አላሳረምኩም። ምክንያቱም ሌሎች ላሊበሎች አሉ።

በልጅነታችሁ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን ያደጋችሁ ትሰሟቸዋላችሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ከበር ውጭ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያዜማሉ። መሣሪያ የላቸውም። እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ ትቀበላለች። የቤቱን አባወራ ስም ይጠራሉ፣ የልጆቹን ስም ይጠራሉ፣ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ካለ እሱንም ይጠራሉ። ከሰጧቸው ይመርቃሉ፤ ካልሰጧቸው የሚሉትን ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። አሚናም ይባላሉ። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ አዝመራ ሲገባ፣ በበጋው ይወጣሉ፣ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ለእርሻ ይመለሳሉ። አለማዜም አይችሉም ይባላል፤ ካላዜሙ ሥጋ ደዌ ይወጣብናል ብለው ስለሚያምኑ።

ስማቸውን እንዴት እንደሚያውቁ በልጅነቴ ተአምር ይመስለኝ ነበር። ተአምር የለውም። ከቀኑ በፊት ሰፈሩን ያጠናሉ፤ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ሱቅ ይጠይቃሉ፣ ቤቱ ማን እንደሞተበት፣ ማን እንዳገባ። አዳራሽ የላቸውም፣ አስተዋዋቂ የላቸውም፣ ቀረጻ የላቸውም። ጉዞውን ራሳቸው አቅደው፣ ራሳቸው አጥንተው፣ በየበሩ አዲስ ግጥም ይዘው የሚቆሙ ናቸው። ግለሰብ ሙዚቀኛ ማለት ከነዚህ በላይ ማን አለ?

ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ከተመረቅሁ ገና ዓመት ሳይሞላኝ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተመድቤ እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራም። አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው በሳንባ ምች ገቡ፤ ባለቤታቸው አብረዋቸው ናቸው። ታሪካቸውን ወሰድኩ። ሳል ከመቼ ጀምሮ፣ አክታ፣ ላብ፣ ትኩሳት። እሳቸው ደግሞ መልሰው ይጠይቁኛል፦ «ልጄ፣ ስምሽ ማነው? የየት አገር ሰው ነሽ? እናትሽ ማን ይባላሉ? በሕይወት አሉ?» ሥራ ይዞኛል፣ መልስ እየሰጠሁ እጽፋለሁ። ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ መሰሉኝ። አጠገባቸው ያሉትንም በሽተኞች እንደዚያው ሲጠይቁ አየሁ።

በነጋታው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተረኛ ነበርኩ፣ ገና ጋደም ማለቴ ነው። ከዋርዱ ዜማ ሰማሁ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ስገባ ሽማግሌው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው አውርደውታል፣ ድምፃቸው በሳል እየተቆራረጠ ያወርዳሉ፤ ባለቤታቸው አልጋው ሥር ተቀምጠው ይቀበላሉ። አልጋ ሁለትን በስሙ፣ አልጋ ሦስትን በስሙ ከነልጆቹ። ከዚያ የኔን ስም ሰማሁ፤ ከዚያ የእናቴን።

ተናደድኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ድካም ብቻ አልነበረም። የእናቴን ስም በዚያ ዋርድ መስማት እንደ ዕርቃን መቆም ሆነብኝ። «አባቴ፣ አንቱ በሽተኛ ነዎት፣ ዝም ይበሉ!» አልኳቸው። እሳቸው በጣም በዝግታ «ልጄ፣ ሥራ ላይ ነን» አሉኝ። አሁን ቢሆን ይህን ቃል ብቻ ሰምቼ እመለስ ነበር። ያኔ ግን የተማርኩትን ሁሉ ማሳየት አማረኝ። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ እንደሚመጣ፣ ባለማዜም እንደማይመጣ፣ መድኃኒት እንዳለውና እንደሚድን፣ ላሊበላ መሆን አጉል እምነት እንደሆነ፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ፣ ዋርዱ ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። ያልኩት በሙሉ እውነት ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው የማስተምረው።

ዋርዱ የሰማው ግን ሌላ ነው። የሰማው «ሥጋ ደዌ» የሚለውን ብቻ ነው። በነጋታው ጠዋት ስዞር የአልጋ ሁለት ቤተሰብ አልጋውን ወደ ግድግዳው ስበውታል። የአልጋ አራት ሰው ሌላ ዋርድ ውሰዱኝ ይላል። ነርሷ ኩባያቸውን ለየችው። ሽማግሌው በሽታውን አልያዛቸውም ነበር፤ እኔው ሰጠኋቸው። አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ የሚሰማኝ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መድኃኒታቸውን ሳይጨርሱ ከባለቤታቸው ጋር ወጥተው ሄዱ። ካርዱ ላይ «ያለ ሐኪም ፈቃድ የወጡ» ብዬ ጻፍኩ። የባለቤታቸውን ስም ልጽፍ ብል አላውቀውም። እሳቸው የእናቴን ስም ያውቁ ነበር።

በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላወቅሁም። አሁን ስለ እምነታቸውም እንደ ድሮው በድፍረት አልናገርም። ሥጋ ደዌ ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት ይወስዳል፣ ሃያ ዓመትም ሊሆን ይችላል። በመንደሩ ውስጥ ማዜም የተወ ሰው ከዓመታት በኋላ ቢታመም፣ ይህ በዚያ ምክንያት አይደለም ብሎ ማን ያስረዳል? ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የተላለፈ ትዝብት ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳተው። ይህንንም ያሰብኩት ሰውዬው ከሄዱ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

የሳቸውን ነገር ከኃይሉ ጋር ያገናኘሁት አንድ ሌሊት፣ ላላ በሉን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ቤት ስመለስ ነው። አንዱ ታክሲ ግንድ ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ያልተጠራበትን ኮንሰርት ይዘጋጃል። ሌላው ኦክስጅን ላይ ሆኖ የዋርዱን ሰው ስም ያጠናል። እኔ ሁለቱንም «በሥራ ላይ» አድርጌ ያየሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም ጋዜጣ ስለጻፈለት።

የክፍላችን ልጅ፣ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፣ እዚህ ተቀምጧል። እሱም ዋሽንግተን አካባቢ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። የታክሲ ወረፋ ውስጥ የሕክምና ፈቃድ ፈተና ጥያቄዎችን ይሠራ ነበር፤ መጽሐፉ ዝናብ ነክቶት እንዴት እንዳበጠ ትናንት ማታ እራት ላይ ነግሮናል። ፈተናውን አለፈ፤ የስፔሻሊቲ ቦታ ግን አላገኘም። ዛሬ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነርስ ነው። ትናንት ማታ አንዱ ጓደኛችን «ባከነ» አለ፣ ሰማሁ። አልመለስኩለትም፣ አሁን ልመልስለት። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ባረፍንበት ቦታ የደም ግፊት መለኪያ ከቦርሳው አውጥቶ የሁላችሁንም ግፊት የለካው እሱ ነው። የሦስት ሰው ግፊት ከፍ ብሎ አገኘ፣ በቅሎ ላይ እንዲወጡ አደረገ። እኔ ስለ ከፍታ የምናገር ሐኪም መለኪያዬን ሆቴል ረስቼ ነው የመጣሁት።

ሌላ የምላችሁ ነገር ነበር፣ ስለ ሙዚቀኞች ጆሮ፤ ድምፅ ከ85 ዴሲቤል ሲያልፍ ስለሚሆነው። ግን ቄሱ መስቀሎቹን መልሰው ሊያስቀምጡ በሩን እየዘጉ ነው፣ ፀሐዩም እየበረታ ነው። ይሄኛው ለከርሞ ይቆይ።

ስትወርዱ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ጉልበት ይጎዳል፣ በተለይ ያ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ስንገባ። ዱላ የሌላችሁ ከልጆቹ ተከራዩ፣ ዋጋውን አታዋርዱባቸው። ግፊታችሁ ከፍ ያለው ሦስታችሁ ከበቅሎ እንዳትወርዱ፤ አለካኩን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ከኋላ ይሄዳል። አስጎብኚያችን ደግሞ ቅድም ለብቻዬ ነግረውኛል፤ ለከተማው ቅርብ ከሆኑት መንደሮች አንዱ ውስጥ የሚያዜሙ ባልና ሚስት አሉ፤ ነገ ጎህ ሳይቀድ ሆቴሉ በር ላይ ይመጡ ይሆናል። የእናቶቻችሁን ስም ዛሬ ማታ ለዘበኛው ንገሩት።